ከፈላና በር እስከ ማዋለጃ ክፍል፡ የወላድ ክብር ታሪክ

ከሐረር ጁገል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ በሰሜን በኩል የሚገኘው ፈላና በር ነው፡፡ ግንቡ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን እንደታነጸ የሚነገር ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፡፡ ከግንቡ ውስጥ ያለው ጁገል ሆስፒታልና ከግንቡ ውጭ ያለው ሕይወት ፋና የከተማውን ነዋሪ ብቻ ሳይሆን ከገጠሩ የሚመጡ ወላዶችንም ይቀበላሉ፡፡ ስለ እነዚህ እናቶች ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የመንገዱ ርቀት ነው፡፡ መንገዱ ካለቀ በኋላ በማዋለጃው ክፍል ውስጥ የሚጠብቃቸው አያያዝም የራሱ ታሪክ አለው፡፡

ከቤት ወደ ሆስፒታል

በቀድሞው ዘመን የኢትዮጵያ ሴት የምትወልደው በቤቷ፣ በእናቷና በጎረቤት ባልቴቶች መካከል ነበር፡፡ ተንበርክካም ሆነ ቁጢጥ ብላ፣ እንደተመቻት ታምጣለች፤ የሚይዛት እጅም የምታውቀው እጅ ነው፡፡ ይሁን እንጂ ይህ ሥርዓት ምጡ በተራዘመ ጊዜ መድኃኒት አልነበረውም፡፡ ውጤቱም ሞት ወይም ፊስቱላ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የመጡት ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1974 በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል ለማቋቋም የተነሣሡት የዚህን ጉዳት ብዛት አይተው ነው፡፡ ከጊዜ በኋላ ከተከፈቱት የሃምሊን ማዕከላት አንዱ በሐረር ይገኛል፡፡ ስለዚህ ሴቲቱን ወደ ጤና ተቋም ማምጣት ተገቢ መሆኑ አያጠያይቅም፡፡

ሐረር ዘመናዊ ሕክምናን ቀድመው ካወቁት ከተሞች አንዷ ናት፡፡ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ራስ መኰንን ባቋቋሙት ሆስፒታል የጓድሎፕ ተወላጅ የሆነው ዶክተር ጆሴፍ ቪታሊየን አገልግሏል፡፡ ሆኖም ሆስፒታል የታሰበው ለበሽተኛ ነበርና ወላድም ስትገባ የበሽተኛን ሥርዓት ወረሰች፡፡ ዘመድ ውጭ ይቀራል፤ ሴቲቱ ብቻዋን ትገባለች፤ በጀርባዋ ትተኛለች፤ የታዘዘችውን ትፈጽማለች፡፡ በጀርባ ተኝቶ መውለድ እንኳ ከአገር ልማድ የተገኘ አይደለም፡፡ በአውሮፓ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ፈረንሳዊው ፍራንሷ ሞሪሶ ባሉ ሐኪሞች እየተስፋፋ የመጣ፣ በዋናነት ለአዋላጁ የሚመች አቀማመጥ ነው፡፡

በሌላው ዓለም

በወላድ ላይ የሚደርስ እንግልት የድሃ አገር ብቻ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1958 አንድ ታዋቂ የአሜሪካ የሴቶች መጽሔት በማዋለጃ ክፍሎች ስለሚፈጸም ጭካኔ ባወጣው ጽሑፍ፣ እጅና እግራቸው ከአልጋ ጋር ታስሮ ለሰዓታት የቆዩ እናቶችን ምስክርነት ለሕዝብ አቀረበ፡፡ በ1960 ደግሞ በብሪታንያ አንዲት እናት በሆስፒታል ያየችውን በጋዜጣ ከጻፈች በኋላ የወላዶችን አያያዝ ለማሻሻል የሚታገል ማኅበር ተመሠረተ፡፡ በሁለቱም አገሮች ሐኪሞችና መሣሪያዎች ነበሩ፤ የጎደለው የወላዷ ድምፅ ነበር፡፡

ቁጥሩ ሲያድግ

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተፈጸመው ወሊድ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፡፡ በ2011 ወደ 10፣ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል፡፡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ያደረጉት ቅስቀሳ ለዚህ ድል ትልቅ ድርሻ አለው፡፡ ነገር ግን አልጋው፣ መጋረጃውና የአዋላጅ ነርሱ ቁጥር በዚያው ፍጥነት አልጨመረም፡፡ መዝገቡም ስንት እናቶች እንደወለዱ ይቆጥራል እንጂ እንዴት እንደተያዙ አይጠይቅም ነበር፡፡

በደሉ ስም ሲያገኝ

እ.ኤ.አ. በ2010 ዳያና ቦውሰርና ካትሊን ሂል በደሉን በሰባት ከፈሉት፡፡ እነዚህም መምታት፣ ያለ ፈቃድ ሕክምና መስጠት፣ ገመናን አለመጠበቅ፣ ማዋረድ፣ ማግለል፣ ጥሎ መሄድና በክፍያ ምክንያት አግቶ ማቆየት ናቸው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2014 ድርጊቱን የሚያወግዝ መግለጫ አወጣ፡፡

በ2015 የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት በአንድ ሆስፒታልና በጤና ጣቢያዎች የወለዱ 173 እናቶችን ጠይቆ ነበር፡፡ ከእነዚህ መካከል 78.6 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ዓይነት በደል ደርሶባቸዋል፤ በደል ደረሰብኝ ብለው የተናገሩት ግን ከተበደሉት 16.2 በመቶ ብቻ ናቸው፡፡ የቀሩት የተደረገባቸውን እንደ ወሊድ ሥርዓት ቆጥረውታል፡፡ በሐረር ሆስፒታሎች በ2017 በ425 እናቶች ላይ ተካሂዶ በ2020 የታተመው ጥናት ደግሞ ክብር የተሞላበት አገልግሎት ያገኙት 38.4 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል፡፡ በግል ሆስፒታል የወለዱትና የቅድመ ወሊድ ክትትል የነበራቸው የተሻለ አያያዝ አግኝተዋል፡፡ ይህም ጉዳዩ የሠራተኛው ጠባይ ብቻ ሳይሆን የአሠራርም መሆኑን ይጠቁማል፡፡

ከሙያው የሚነሣ ክርክር

በማዋለጃ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚሰማ መልስ አለ፤ «የምንቆጣት ለእርሷና ለልጇ ብለን ነው» የሚል፡፡ ሌሊት ብቻውን ተረኛ ሆኖ፣ የጽንሱ የልብ ምት ሲቀንስ የሚሰማ ሰው ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፡፡ ድካሙም ሊዘነጋ አይገባም፡፡ ነገር ግን ጩኸትና ጥፊ የማኅፀንን በር አይከፍቱም፤ የልብ ምትንም አይመልሱም፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የምጥና ወሊድ መመሪያ የመከራቸው ነገሮች ሌሎች ናቸው፡፡ ወላዷ የመረጠችው ሰው አብሯት ይሁን፤ የሚደረግላት ነገር በሚገባት ቋንቋ ይነገራት፤ የሚመቻትን አቀማመጥ ትምረጥ የሚሉ ናቸው፡፡ ከሦስቱ ሁለቱን የቀድሞው የቤት ወሊድ ያውቃቸው ነበር፡፡

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2015 በጀመረው የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያን ማፍራት ከዋና ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎታል፡፡ አጀንዳው በተግባር የሚለካው በጥቃቅን ነገሮች ነው፡፡ ከምርመራ በፊት መጋረጃ መሳብ፣ ከመንካት በፊት ፈቃድ መጠየቅ፣ ብልትን በመቀስ ከማስፋት በፊት ምክንያቱን መንገር፣ እናቷን ወይም እኅቷን ከበር ውጭ አለማስቀረት፣ አብዛኞቹ አዲስ በጀት የማይጠይቁ ናቸው፡፡ የሐረር ሴቶች በአፎቻ ሲገናኙ፣ የገጠሯም ወደ መንደሯ ስትመለስ፣ የደረሰባትን ለጎረቤቷ ትናገራለች፡፡ የምትሰማት ጎረቤት ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ምጧ ሲራዘም ወደ ሆስፒታል ለመምጣት ወይም በቤት ለመቅረት የምትወስነው በዚያ ወሬ ነው፡፡