የፕሮቲኖችን ትስስር በእርሾ የመለየት ዘዴና ለቡና ምርምር ያለው ፋይዳ

የቡና ፍሬ በሽታ በፈንገስ አማካኝነት የሚመጣና ለጋ ፍሬን የሚያጠቃ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ከሀገር በቀል ቡናዎች መርጦ ለአርሶ አደሩ አቅርቧል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተሰበሰቡት 74110 እና 74112 ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። ፍሬና ችግኝን ለፈንገሱ በማጋለጥ የሚደረገው ፍተሻ የትኛው ዝርያ እንደሚቋቋም ያሳያል፤ እንዴት እንደሚቋቋም ግን አያስረዳም። በብዙ ዕፅዋት መከላከል የሚጀምረው የተክሉ ፕሮቲን የበሽታ አምጪውን ፕሮቲን ሲለይ በመሆኑ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚተሳሰር ማወቅ ያስፈልጋል።

የዘዴው አሠራር

ለዚህ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ስታንሊ ፊልድስ እና ኦክ-ኪዩ ሶንግ እ.ኤ.አ. በ1989 ይፋ ያደረጉት "የእርሾ ቱ-ሃይብሪድ" (ባለ ሁለት ድቅል) ዘዴ ነው። በዳቦ እርሾ ውስጥ የሚገኘው "ጋል4" የተሰኘ ፕሮቲን ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አንደኛው በዲኤንኤ ላይ ያርፋል፣ ሁለተኛው ዘረ-መልን ያስነሳል። ተመራማሪዎች ክፍሎቹን ለይተው፣ ለምሳሌ የፈንገሱን ፕሮቲን ከአንደኛው፣ የቡናውን ፕሮቲን ከሁለተኛው ጋር ያጣምራሉ። ፕሮቲኖቹ ከተሳሰሩ የተለያዩት ክፍሎች ይቀራረባሉ፤ ሂስቲዲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ለማምረት የሚያስፈልገው ዘረ-መልም ይነሳል። በመሆኑም ራሱ ሂስቲዲን ማምረት የማይችለው እርሾ፣ ሂስቲዲን በሌለው ምግብ ላይ ያድጋል። ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከጥቂት ቀናት በኋላ በዓይን ይታያል።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

አንዳንድ ፕሮቲኖች ያለ አጋር ዘረ-መሉን ስለሚያስነሱ ሐሰተኛ ውጤት ይሰጣሉ፤ ስለሆነም የማነጻጸሪያ ሙከራ ግዴታ ነው። በሕዋስ ሽፋን ላይ የሚገኙ ፕሮቲኖች ደግሞ ወደ እርሾው ኒውክሊየስ ስለማይደርሱ ትስስራቸው ሳይታይ ሊቀር ይችላል፤ ለእነዚህ "ስፕሊት-ዩቢኪዊቲን" የተባለው ዘዴ ይመረጣል። በእርሾ ውስጥ የታየ ትስስር በተክሉ ውስጥም እንዳለ በሌላ ዘዴ መረጋገጥ አለበት።

ጠቀሜታው

ቡና ፍሬ ለመስጠት ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈጅበታል። ለመቋቋም አቅም መነሻ የሆነው ዘረ-መል ተለይቶ ከታወቀ፣ ተመራማሪዎች ዛፉ እስኪያፈራ ሳይጠብቁ ገና በችግኝ ደረጃ መምረጥ ይችላሉ። ሆኖም የቤተ ሙከራ ውጤት የማሳ ፍተሻን አይተካም፤ ለአርሶ አደሩ ዋነኛው መከላከያ ዛሬም ለአካባቢው የተመከረውንና በሽታውን የሚቋቋመውን ዝርያ መትከል ነው።