ከማረሚያ ቤት ለወጣ ወገን ተያዥ ማን ይሁን?

በአዲስ አበባ «ልደታ» ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ፍርድ ቤቱን ነው። ከዚያ ግቢ ተፈርዶበት የሚወጣው ሰው ወደ ማረሚያ ቤት ይሄዳል፤ ከዓመታት በኋላም ወደዚህችው ከተማ ይመለሳል። ከልደታ ብዙ ሳይርቅ በነበረው በከርቸሌ ውስጥ «ዓለም በቃኝ» የሚባል ክፍል ነበር። ወደዚያ የገባ ሰው ዓለምን እንደ ተሰናበተ ይቆጠር ስለነበር ስሙ ብቻውን ብዙ ይናገራል። እስር ቤቱ ፈርሶ በቦታው የተሠራው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በ2004 ዓ.ም. ተመርቋል። ግንቡ ፈርሷል፤ ታስሮ የወጣውን ሰው እንዳበቃለት የሚቆጥረው አስተሳሰብ ግን በመካከላችን አለ።

የወንጌል አማኞች እስር ቤትን ከሩቅ አያውቁትም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ወ/ሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለአሥር ዓመት ያህል ያለ ፍርድ ታስረዋል። ስለ እምነቱ ታስሮ የወጣን ወገን በእልልታ መቀበል እናውቅበታለን። ሰርቆ ወይም ሰው ገድሎ የታሰረውንና በዚያው ንስሐ ገብቶ ጌታን የተቀበለውንስ? እርሱን እስር ቤት ሄደን እንጎበኘዋለን፣ ሳሙናና መጽሐፍ ቅዱስ እንወስድለታለን፣ ምስክርነቱን ሰምተን እናለቅሳለን። በወጣ ማግስት ግን ቤት ለማከራየት ወይም ሥራ ለመስጠት ስንጠየቅ እንፈራለን።

የወጣው ሰው የሚገጥመው ችግር በአብዛኛው መንፈሳዊ የሚመስል አይደለም። መታወቂያው ጊዜው አልፎበታል፤ ለማሳደስ ደግሞ የመኖሪያ አድራሻ ይጠየቃል። ማደሪያ የለውም። ሥራ ቢያገኝ እንኳ አሠሪው «ተያዥ አምጣ» ይለዋል፤ ዘመድ ከራቀው ማንን ያመጣል? እዚህ ላይ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልሞና የጻፈውን እናስብ። አናሲሞስ ከጌታው ቤት የኮበለለ ባሪያ ነው፣ ዕዳም ሳይኖርበት አልቀረም። ጳውሎስ ራሱ እስረኛ ሆኖ ሳለ ዕዳው በእርሱ ስም እንዲቆጠር በገዛ እጁ ጽፎ አረጋገጠ (ፊል. 18-19)። በእኛ አነጋገር ተያዥ ሆኖ ፈረመ ማለት ነው። በእርግጥ ለማያውቁት ሰው መፈረም ጥበብ አይደለም፤ አንድ የቤት ለቤት ኅብረት ግን ሰውየውን ገና በእስር ሳለ እየጎበኘ ካወቀው ከመካከሉ ተያዥ የሚሆን ሰው አያጣም።

ከሁሉ ይልቅ ሊረዳው የሚችለው ደግሞ በዚያው መንገድ ያለፈ ወገን ነው፤ እርሱም ካልረሳ ነው። የፈርዖን ጠጅ አሳላፊ ከተፈታ በኋላ ዮሴፍን ሁለት ዓመት ሙሉ ረስቶታል (ዘፍ. 40-41)። ያልረሱም አሉ። የፕሬዚዳንት ኒክሰን አማካሪ የነበረው ቻርልስ ኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. ገብቶ ሰባት ወር ታስሮ ወጣ፤ በ1976 ደግሞ «ፕሪዝን ፌሎሺፕ» የተባለውን የእስረኞች አገልግሎት መሠረተ። ይህ አገልግሎት ዛሬ በብዙ አገሮች አለ፣ በኢትዮጵያም ሠርቷል። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን የሜሪ ኬይ ቤርድ ታሪክ ነው። በዘረፋ ተፈርዶባት በአሜሪካ አላባማ ስድስት ዓመት ስትታሰር፣ እናቶች የተሰጣቸውን ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ሳይጠቀሙበት አጠራቅመው ለልጆቻቸው የገና ስጦታ ሲያደርጉት አየች። ከወጣች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1982 በገበያ አዳራሽ ውስጥ ዛፍ አቁማ የእስረኞችን ልጆች ስም በወረቀት ሰቀለችበት፤ ገበያተኛውም ስም እያነሣ ስጦታ ገዛ። ያየችውን ለማየት መታሰር ነበረባት።

አገልጋዮች ሕጉንም ቢያውቁት ይጠቅማል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መሠረት መልካም ጠባይ ያሳየ እስረኛ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ሲፈጽም በአመክሮ ሊለቀቅ ይችላል። ብዙዎች የማያውቁት ግን «መሰየም» የሚባለውን ነው። ጽኑ እሥራት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከጨረሰ ቢያንስ አምስት ዓመት፣ በቀላል እሥራት ደግሞ ሁለት ዓመት በመልካም ጠባይ ከኖረና የተፈረደበትን ካሣ በአቅሙ ከከፈለ፣ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ማድረግ ይችላል። ፍርዱም ለወደፊቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚያ ወዲያ የድሮ ጥፋቱን በክፋት እያነሣ የሚነቅፈው ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ «እውነት ነው የተናገርኩት» ማለትም መከላከያ አይሆነውም።