ዕጽፈት፦ አር ኤን ኤ በራሱ ላይ ሲታጠፍ

ከጋይንት ደጋ ተነሥቶ በስማዳ በኩል ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ቆላ ለሚወርድ መንገደኛ በክረምት በየማሳው የሚታየው በቆሎ፣ አባቶቻችን የባሕር ማሽላ ያሉት እህል፣ ሐመልማላዊ ቀለሙን የሚያገኘው በቅጠሉ ሕዋሳት ውስጥ ካሉት፣ ክሎሮፕላስት ከሚባሉት ደቃቅ ክፍሎች ነው። እነዚህ ክፍሎች የፀሐይን ብርሃን ተቀብለው ምግብ ከመሥራታቸውም በላይ፣ በበቆሎ 140 ሺህ ያህል ፊደላት ያሉት የራሳቸው ዲ ኤን ኤ አላቸው።

ከዚህ ዲ ኤን ኤ የሚገለበጠው ቅጂ አር ኤን ኤ ይባላል። ነጠላ ክር ሆኖ ሳለ፣ ከአራቱ ፊደላቱ ኤ ከዩ ጋር፣ ጂ ደግሞ ከሲ ጋር የመጣመር ጠባይ ስላላቸው፣ ክሩ በራሱ ላይ ተመልሶ ይታጠፋል። ይህን መታጠፍ «ዕጽፈት» ብንለው የተገባ ይመስለኛል፤ ዐጸፈ በግእዝ አጠፈ፣ ደረበ ማለት ነውና፣ መጐናጸፊያውንም ዐጽፍ የሚሉ ካህናት ባሉበት አገር ቃሉ ለጆሮ ባዕድ አይሆንም። «ቅርጽ» ብንለው ግን ለሁሉ ነገር የሚነገር ስለሆነ የነገሩን ምሥጢር አይገልጥም።

ምሥጢሩም ይህ ነው፦ በጋይንት ቤተልሔም ድጓ የሚማር ደቀ መዝሙር፣ ዜማው ከነምልክቱ ተሟልቶ ቢጻፍለትም፣ የብራናው ቅጠል ወደ ውስጥ ከታጠፈ ማንበብ እንደማይችል፣ ፕሮቲንም በዕጽፈት የተሸፈኑትን ፊደላት ለመያዝ ይቸገራል። ፒ ፒ አር የሚባሉት የፕሮቲን ወገኖች፣ 35 ያህል አሚኖ አሲዶች ያሉት ክፍል እየተደጋገመ የተቀጠለባቸው ሲሆኑ፣ በጠቅላላው እያንዳንዱ ክፍል ከተገለጠው ክር አንዲት ፊደል ለይቶ ይይዛል።

ከእነዚህ አንዱ፣ በበቆሎ ላይ በብዙ ትጋት የተመረመረው ፒ ፒ አር 10 ነው። ይህ ፕሮቲን በአር ኤን ኤው ላይ ሲያርፍ ክሩን ከጫፉ ጀምረው ከሚበሉት ኢንዛይሞች ይጠብቃል፤ ደግሞም አር ኤን ኤውን እያነበበ ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦሶም ንባቡን የሚጀምርበትን ስፍራ የሚሰውረው ዕጽፈት እንዳይፈጠር ያግዳል፤ በዚህም ኤ ቲ ፒ የሚባለውን የኃይል ስንቅ ለሚያዘጋጀው መሣሪያ አንዱ አካል እንዲሠራ መንገድ ይከፍታል። ፒ ፒ አር 10 የጎደለበት የበቆሎ ቡቃያ ቅጠሉ ይገረጣል፤ በዘሩ ውስጥ የተከማቸውን ስንቅ ሲጨርስም በችግኝነቱ ይደርቃል።

ነገር ግን ዕጽፈትን የሚከለክለው ይህ ፕሮቲን ራሱ በዕጽፈት ይከለከላል። በአሜሪካ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የአሊስ ባርካን ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ፕሮቲኑ በሚያርፍበት ስፍራ ዳርቻ ያሉትን አራት ያህል ፊደላት ብቻ የሚይዝ፣ በራሱም ጽኑዕ ያልሆነ ዕጽፈት እንኳ የመያዝ ኃይሉን እንደሚቀንስ ታይቷል። እንግዲህ የፈለጉትን አር ኤን ኤ እንዲይዝ አዲስ ፒ ፒ አር የሚቀርጹ ሊቃውንት፣ የፊደላቱን ተራ ከማወቅ አልፈው፣ ስፍራው የተገለጠ ወይም የታጠፈ መሆኑን አስቀድመው መመርመር ግድ ይሆንባቸዋል።