ዜና ፒተር ግሪን ዘለንደን

በ1939 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ጥቅምት 19 ቀን፣ በእንግሊዝ ሀገር በለንደን ከተማ፣ ቤትናል ግሪን በሚባለው ሠፈር ፒተር አለን ግሪንባም ተወለደ። ፈረንጆች ይህን ዓመት 1946 ይሉታል፤ እኛ ግን በዚህ ታሪክ ዘመኑን ሁሉ በሀገራችን ቆጠራ እንጽፋለን። ወላጆቹ አይሁድ ነበሩ፤ እሱም ከአራት ልጆች የመጨረሻው ነበረ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለፈ ገና ዓመቱ ነበርና ምሥራቅ ለንደን የጀርመን ቦምብ ካፈረሰው አልተጠገነም።

ታላቅ ወንድሙ ጥቂት የጊታር ኮርድ አሳየው፤ የቀረውን ብቻውን ተማረ። ለእንጀራው ግን በልኳንዳ ቤት ሥጋ መቁረጥ ይለማመድ ነበር። ስሙንም አሳጥሮ ፒተር ግሪን ተባለ።

በዚያም ዘመን የእንግሊዝ ወጣቶች ልብ ወደ ብሉዝ ሸፍቶ ነበር። ብሉዝ የአሜሪካ ጥቁሮች ዜማ ነው፤ ከሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ ተነሥቶ ቺካጎ ሲደርስ በኤሌክትሪክ ጊታር ጮኸ። የለንደንም ልጆች ሸክላውን እያሰሱ ሌት ከቀን ያጠኑት ነበር። ከአለቆቻቸው አንዱ ጆን ሜዮል ነው። ብሉዝብሬከርስ የተባለው ባንዱ እንደ ቅኔ ቤት ነበረ፤ ተማሪው ይገባል፣ ይሠለጥናል፣ ኋላም ወጥቶ የራሱን ጉባኤ ይተክላል። ከዚያ ቤት የጊታር መቺው የኤሪክ ክላፕተን ስም ገነነ፤ በከተማው ግድግዳ ላይ አምላክ ነው ብለው እስኪጽፉለት ድረስ። ይህስ ድፍረት ነው።

ክላፕተንም ወደ ግሪክ ሀገር በሄደ ጊዜ ፒተር ጥቂት ቀን በቦታው ቆመ፤ ሲመለስም ለቀቀለት። በ1958 ክረምት ክላፕተን ጨርሶ ሲወጣ ሜዮል ፒተርን አስጠራው። ሸክላ የሚያስቀርጸው ማይክ ቨርነን በስቱዲዮ ክላፕተንን አጥቶ ቢደነግጥ፣ ሜዮል «አይዞህ፣ ይህ ልጅ እያደር ይበልጣል» ብሎ አጽናናው ይባላል። በየካቲት 1959 «ኤ ሃርድ ሮድ» የተባለው ሸክላ ወጣ። በውስጡም «ዘ ሱፐርናቹራል» የተባለ የፒተር ድርሰት አለ፤ ግጥም የለውም፣ ጊታር ብቻ ነው። አንዲቱን ድምፅ ይዞ ያቆያታል፣ ሰሚው ትንፋሹ እስኪያጥር ድረስ አይለቃትም።

ጊታሩም ጊብሰን ሌስ ፖል ነበረ። ከሁለቱ ድምፅ መቀበያዎች የአንዱ ማግኔት ተገልብጦ ስለነበር፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲከፈቱ ድምፁ ቀጥኖና ባዝኖ ይወጣል። ስለዚህ ማግኔት ብዙ ተጽፏል፤ ነገር ግን ያንኑ ጊታር ሌሎችም መትተውታልና ነገሩ ከጣቱ እንጂ ከብረቱ አይመስለንም። ሌላው አምስት ድምፅ በሚያፈስስበት ቦታ እሱ ሁለት መትቶ ዝም ይላል። የብሉዝ ንጉሥ የሚባለው ቢ ቢ ኪንግ እንኳ ሲሰማው ቀዝቃዛ ላብ እንዳላበው መስክሯል።

ከዚህም በኋላ ከሜዮል ቤት ወጥቶ የራሱን ባንድ አቆመ። ነሐሴ 7 ቀን 1959 በዊንድዘር በተደረገው የጃዝና የብሉዝ በዓል ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ ፊት ቀረቡ። ነገሥታት ከተማ ሲቆረቁሩ በስማቸው ይጠሩታል፤ ፒተር ግን ባንዱን በከበሮ መቺው በሚክ ፍሊትውድና በቤዝ መቺው በጆን ማክቪ ስም ፍሊትውድ ማክ አለው። ማክቪ የሜዮልን ደመወዝ ለመተው እያመነታ ነበርና ስሙ ከሰውየው ቀድሞ ገባ። ፍሊትውድ ምክንያቱን ሲናገር፣ ፒተር አንድ ቀን እንደሚሄድ አስቦ፣ ለሚቀሩት ባንዱን በስማቸው ትቶላቸው ነው ይላል። ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሹመቱን ሳይቀበል ኑዛዜውን አስቀደመ።

በ1960 የወጣው የመጀመሪያው ትልቅ ሸክላቸው በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ 4ኛ ሆነ። በዚያው ዓመት «ብላክ ማጂክ ውማን»ን ደረሰ። ኋላ ካርሎስ ሳንታና ዘፍኖት በአሜሪካ 4ኛ ደረጃ ስላደረሰው፣ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የሳንታና ይመስለዋል። በኅዳር 1961 «አልባትሮስ» የተባለው ዝግ ያለ የመሣሪያ ዜማ ወጣ፤ በጥርም አንደኛ ሆነ። ጆርጅ ሃሪሰን እንደተናገረው ቢትልሶች «ሰን ኪንግ»ን ሲሠሩ ያሰቡት ይህንን ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ መጨረሻ ቺካጎ ወርደው በቼስ የሸክላ ኩባንያ ስቱዲዮ ከብሉዝ ሊቃውንቱ ከዊሊ ዲክሰን፣ ከኦቲስ ስፓንና ከበዲ ጋይ ጋር ቀረጹ።

ገንዘብም መጣ። ፒተር ግን በገንዘቡ ይጨነቅ ጀመር። የቢያፍራ ሕፃናት በረሀብ ሲያልቁ በቴሌቪዥን አይቶ ታወከ፤ ያገኘነውን ሁሉ እንስጥ አላቸው፤ ጓደኞቹም እንቢ አሉ። አይሁዳዊ ሲሆን ረጅም ቀሚስ ለብሶ መስቀል ባንገቱ አንጠልጥሎ መድረክ ይወጣ ነበር። በሕልሙም አረንጓዴ ውሻ ጮኸበት፤ ሲነቃ ውሻው ገንዘብ ነው ብሎ ፈታው፤ «ዘ ግሪን ማናሊሺ» የተባለውን ዘፈን ከዚህ ደረሰ።

በመጋቢት 1962 ሙኒክ ከተማ ሳሉ፣ በኅብረት የሚኖሩ ጀርመኖች ወደ ቤታቸው ወሰዱት፤ በዚያም ኤል ኤስ ዲ የተባለውን አእምሮ የሚያዞር ዕፅ ወሰደ። ጓደኞቹ ጥፋቱን ሁሉ በዚያች ሌሊት ላይ ይደፋሉ። እኛ ግን ሕመሙ አስቀድሞ የጀመረ ይመስለናል፤ ዓመት ቀድሞ የወጣውን «ማን ኦፍ ዘ ወርልድ» የሰማ ሰው ይህን አይስተውም።

በግንቦት 1962 ባንዱን ትቶ ሄደ። በየካቲት 1963 ሌላው ጊታር መቺ ጄረሚ ስፔንሰር በሎስ አንጀለስ በድንገት ወደ አንድ የሃይማኖት ማኅበር ገብቶ ቢቀር፣ ፒተር ተጠርቶ መጣና ጉዞውን አስፈጸማቸው፤ ደግሞም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መቃብር ቆፈረ፣ በሆስፒታል ተላላኪ ሆነ፣ በእስራኤልም ኪቡትዝ በሚባል በአንድ የኅብረት መንደር ተቀመጠ። ጊታሩን ለአየርላንዳዊው ወጣት ለጋሪ ሙር ሲሰጠው፣ የራስህን ሸጠህ ያገኘኸውን አምጣ አለው እንጂ ዋጋ አልጠራም። ሐኪሞችም ስኪዞፍሬኒያ ነው አሉት፤ በኤሌክትሪክ ንዝረትም አከሙት። በ1969 ሒሳብ ሠራተኛውን በጠመንጃ አስፈራርቶ ታሰረ፤ የዘፈኖቹ ገንዘብ እንዳይላክለት ነው የጠየቀው ተብሎ ይወራል። ከዚያም ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተላከ። በዚያው ሰሞን፣ ጥር 27 ቀን፣ የተወው ባንድ «ሩመርስ» የተባለውን ሸክላ አወጣ። ይህም ከ40 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ ፍሊትውድንና ማክቪን ባለጸጋ አደረጋቸው።

በ1971 «ኢን ዘ ስካይስ»ን ይዞ ብቅ አለ፤ ዳግመኛም ጠፋ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን ስፕሊንተር ግሩፕ ከተባለ ባንድ ጋር ተነሥቶ የጥንቱን የብሉዝ ዘፋኝ የሮበርት ጆንሰንን ዘፈኖች ቀረጸ። ጣቱ እንደ ቀድሞው አልነበረም፤ ድምፁ ግን ሻክሮ ለብሉዝ የተሻለ ሆኖ ነበር ብንል አንሳሳትም። በጥር 1990 ፍሊትውድ ማክ በሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ሲመዘገብ፣ ኒውዮርክ ሄዶ ከሳንታና ጋር ያንኑ «ብላክ ማጂክ ውማን» መታ።

የካቲት 17 ቀን 2012 ሚክ ፍሊትውድ በለንደን ፓላዲየም ቲያትር ለክብሩ ታላቅ ኮንሰርት አዘጋጀ፤ ታዋቂ ሙዚቀኞችም ተሰበሰቡ። በዚያው ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ሐምሌ 18 ቀን፣ ፒተር ግሪን በተኛበት ዐረፈ። ዕድሜው 73 ዓመት ነበረ። ከዚህም ሁሉ በፍሊትውድ ማክ አለቃ ሆኖ የቆየበት ዘመን 2 ዓመት ከ9 ወር ነው።