ቁጣን ከመስበር ቁጣን ወደ ማንበብ

የአእምሮ እድገት ውሱንነት ያለባቸውን ልጆች በሚያስተምር ክፍል ውስጥ ወንበር ሲገለበጥ፣ ደብተር ሲቀደድ፣ የመምህር እጅ ሲነከስ ማየት ለሙያ ባልደረቦቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። በዚያች ቅጽበት የሚወሰደው እርምጃ ግን ለአንድ አሮጌ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው፤ ይኸውም የልጁ ቁጣ ሊሰበር የሚገባው አመፅ ነው ወይስ ሊነበብ የሚገባው መልእክት? የሚለው ነው። ጥያቄው ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ታሪክ ስላለው ከምንጩ መነሣት ይበጃል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1800 በደቡብ ፈረንሳይ፣ በአቬሮን፣ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ገደማ የሆነ፣ ቃል የማይናገር ልጅ ከጫካ ወጥቶ ተገኘ። ወደ ፓሪስ በተወሰደ ጊዜ ስመ ጥሩው ሐኪም ፊሊፕ ፒኔል መርምሮ የመሻሻል ተስፋ የለውም ሲል ፈረደ። ወጣቱ ሐኪም ዣን ማርክ ጋስፓር ኢታር ግን ፍርዱን ሳይቀበል፣ ቪክቶር ብሎ ስም አውጥቶለት፣ መስማት የተሳናቸው በሚማሩበት ተቋም ውስጥ ያስተምረው ጀመር።

ልምምዱ በከበደ ቁጥር ቪክቶር ካርዶቹን ይበትን፣ የአልጋ ልብሱን ይነክስ ነበር። ልጁ ከፍታ እንደሚፈራ ያወቀው ኢታር አንድ ቀን ወገቡን ይዞ፣ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ፣ ከፎቁ መስኮት ውጭ አንጠለጠለው። ሲመልሰው ልጁ ገርጥቶ፣ ቀዝቃዛ ላብ አጥምቆት ነበር። ካርዶቹን ለቀመ፤ ከዚያም አልጋው ላይ ወድቆ አለቀሰ። ሲያለቅስ ያየው ያን ጊዜ መጀመሪያ እንደ ነበረ ኢታር ራሱ በ1801 ጽፏል። ጸጥታ ተገኘ፤ ዋጋው ግን ፍርሀት ነበር።

በ1806 ባቀረበው ሁለተኛ ሪፖርት የምናገኘው ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። ቪክቶር ትምህርቱን በሚገባ ፈጽሞ ምስጋና በሚጠብቅበት ሰዓት፣ ኢታር ለመፈተን ሲል ያለ ጥፋቱ ወደ ጨለማ ክፍል ጎተተው። በጥፋቱ ሲቀጣ ይታዘዝ የነበረው ልጅ ያን ቀን ታገለ፤ የመምህሩንም እጅ ነከሰ። ኢታር በንክሻው ተደሰተ፤ ልጁ ፍትሕን ከግፍ መለየቱን አየበትና። ፈተናው ራሱ ግፍ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም መምህሩ ንክሻን እንደ ንግግር አነበበ።

ይህ ንባብ ለረጅም ዘመን ተዘነጋ። ብዙ ሕዝብ የታጨቀባቸው ተቋማት ተስፋፉ፤ በኒው ዮርክ የዊሎውብሩክ ተቋም የነበረው ሰቆቃ በ1972 በቴሌቪዥን ሲገለጥ ዓለም ደነገጠ። በ1985 ደግሞ ኤድዋርድ ካርና ማርክ ዱራንድ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የአንዳንድ ልጆች ረብሻ ሥራው ሲከብዳቸው ወይም የሚያያቸው ሲያጡ እንደሚነሣ አሳዩ። ልጆቹ እርዳታን ወይም ትኩረትን በቃል መጠየቅ ሲማሩ ረብሻው በእጅጉ ቀነሰ። የቪክቶር የተበተኑ ካርዶች ትርጉም ምናልባት ይኸው ነበር።

ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ጭካኔንና አዋራጅ ቅጣትን ይከለክላል። ሕጉ እጃችንን ይይዛል፤ ዓይናችንን መክፈት ግን የእኛ ፈንታ ነው። በእርግጥ ልጁ ራሱንም ሆነ ጓደኛውን እንዳይጎዳ መከላከል የመምህሩ ግዴታ ነው። ግርግሩ ጋብ ሲል ግን «ማን አጠፋ?» ከማለት አስቀድመን «ከዚህ በፊት ምን ሆነ? ሥራው ከብዶት ነበርን? በድለነው ነበርን?» ብለን እንጠይቅ። ቪክቶር እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1828፣ መናገር አልቻለም፤ ይሁን እንጂ ዝም ብሎ አልኖረም።