ፈር የለቀቀ መንጋጋ

የታችኛው መንጋጋ አጥንት በአንድ ወገን ተቆርጦ ሲወጣ፣ ታማሚው አፉን በከፈተ ቁጥር አገጩ ከመሃል ወጥቶ ወደ ተቆረጠው ወገን ይሄዳል። ሐኪሞች ይህን «ማንዲቡላር ዴቪዬሽን» ይሉታል። ወደ አማርኛ እንመልሰው ሲባል መጀመሪያ አፍ ላይ የሚመጣው «የመንጋጋ መጣመም» ነው። እኔን ግን አይጥመኝም። «ተጣመመ» ያልነው ፊት ወይ አጥንቱ የጎበጠ፣ ወይ መጋኛ የመታው ይመስላል። የቀረው አጥንት ግን አልጎበጠም፤ የተበላሸው የሚሄድበት መስመር ነው። ስለዚህ «የመንጋጋ ፈር መልቀቅ» ብንለው እላለሁ።

ፈር ምን እንደሆነ ለጋይንት ሰው ማስረዳት አያሻም። በንፋስ መውጫ ደጋ ገብስ የሚዘራ ገበሬ፣ ከጥማዱ አንዱ በሬ እርሻ መሃል ቢተኛበት የሚሆነውን ያውቃል። የቆመው በሬ መሳቡን አይተውም፤ ቀንበሩ ግን በተኛው በሬ በኩል ይዞራል፣ ማረሻውም ፈር ይለቃል። ልብ በሉ፣ የሚዞረው ወደ ብርቱው ሳይሆን ወደ ተኛው ነው።

መንጋጋም እንዲሁ ነው። አንድ አጥንት ሆኖ በሁለቱ ጆሮዎች ፊት ሁለት መገጣጠሚያ አለው። ከእያንዳንዱ መገጣጠሚያ አንገት ላይ፣ በእጅ ቢዳብሱት የማይገኝ፣ ወደ ውስጥ የተደበቀ ጡንቻ ተያይዟል። ሥራው የራሱን ወገን ወደፊትና ወደ መሃል መሳብ ነው። የግራው ብቻውን ሲስብ አገጭ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ የቀኙ ሲስብ ወደ ግራ። ሁለቱ እኩል ከሳቡ የጎኑ ጉተታ ይጣፋና አገጭ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አጥንቱ በአንድ ወገን ሲበጠስ ግን የአንዱ ጡንቻ ጉተታ አገጭ ዘንድ አይደርስም፤ ሌላው ብቻውን ያዞረዋል። ጠባሳው ደግሞ እየጠበበ ሲሄድ ወደዚያው ይጎትታል። የላይና የታች ጥርስ አይገናኝም። ገብስ ቆሎን የሚያደቀው መንጋጋ ወደ ጎን እየሄደ ሲፈጭ ስለሆነ፣ ቆሎ መቆርጠም ቀርቶ በበሶና በአጥሚት መኖር ይመጣል።

አጥንቱ ለምን ይቆረጣል? አንዱ ምክንያት አሜሎብላስቶማ የሚባለው ዕጢ ነው። ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ በአብዛኛው ወደ ሌላ አካል የማይሰራጭ፣ ከ10 ታማሚዎች በ8ቱ ገደማ በታችኛው መንጋጋ ላይ የሚወጣ ነው። ተፍቆ ብቻ ከተተወ ስለሚመለስ ከዙሪያው ጤነኛ አጥንት ጋር ይወጣል።

ታዲያ መንጋጋው የተቆረጠ ሁሉ ፈር አይለቅም። የታችኛው ጠርዝ ከተረፈ ቀንበሩ አልተሰበረምና አገጭ መሃሉን ይዞ ይቆያል። እዚህ ላይ የሚያሰጋው ስብራት ነው። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አጥንት ለማስቀረት የሚጥሩት፣ የቆረጡበትንም ማዕዘን ክብ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ሞፈር በሹል ማዕዘን ከተጠረበበት እንደሚሰነጠቅ ሁሉ፣ የማኘክ ጫናም ሹል ጥግ ላይ ይጠራቀማል።

አጥንቱ ለሁለት የተከፈለ እንደሆነ ክፍተቱን በታይታኒየም ሳህን ማገናኘት ይቻላል፤ ሳህኑ ብቻውን ግን ለዓመታት ማኘክ ሲደጋገምበት ሊሰበር ይችላል። ዴቪድ ሂዳልጎ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1989 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ፣ ከቅልጥም ጎን ያለውን ቀጭን አጥንት ከደም ሥሩ ጋር አውጥቶ በመንጋጋ ቦታ መትከል ነው። ሕያው አጥንት ስለሆነ ከጎረቤቱ ጋር ይገጥማል፤ እግርም ያለ እሱ ይራመዳል።

ይህ ረጅም ሰዓት፣ ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ ቡድን ይጠይቃል። ላላገኘው ታማሚ የሚቀረው መሣሪያ መስተዋትና የገዛ እጁ ነው፤ ጠባሳው ሳይጠነክር አገጩን ይዞ ከተቆረጠው ወገን እየገፋ ወደ መሃል ማለማመድ። ቃሉም የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ነርሷ ሽማግሌውን «አባባ፣ አፍዎ ይጣመማል» ብትላቸው ፈርተው ይሄዳሉ። «አባባ፣ መንጋጋዎ ወደ ግራ ፈር እየለቀቀ ነው፤ በእጅዎ ይመልሱት» ብትላቸው ግን ምን እንደሚያደርጉ ያውቃሉ።