ሪሴፕተር

ሪሴፕተር ወይም «ተቀባይ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በሕዋስ ሽፋን ላይ ተሰክቶ አንድን ኬሚካል ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። ሲይዝ ቅርጹ ይለወጣል፤ ሕዋሱም መልእክቱ ደረሰው ማለት ነው። ስለ ዓይን ሲወራ ግን ቃሉ ያደናግራል፤ ብርሃን የሚቀበሉት ሮድና ኮንም «ፎቶሪሴፕተር» ይባላሉና። እነዚያ ሙሉ ሕዋሳት ናቸው፤ እዚህ የማነሳው ፕሮቲኑን ነው።

ሬቲና ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሮድና ኮን ግሉታሜት የተባለውን ኬሚካል አብዝተው የሚለቁት በጨለማ ነው፤ ብርሃን ሲያርፍባቸው ይቀንሳሉ። ግሉታሜቱን የሚቀበሉት ባይፖላር ሕዋሳት ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን በግሉታሜት ስለሚነቃቃ የብርሃንን መቀነስ ይናገራል። ሌላው ኤምግሉአር6 የተባለ ተቀባይ ስላለው ያው ግሉታሜት ዝም ያሰኘዋል፤ የሚነቃው ብርሃን መጥቶ ኬሚካሉ ሲቀንስ ነው። እንግዲህ ግሉታሜትን «አነቃቂ» ብሎ ማለፍ ግማሽ እውነት ነው፤ ወሳኙ ተቀባዩ ነው።

ኤምግሉአር6ን የሚያስገኘው ጂን ከሁለቱም ወላጆች ተበላሽቶ ሲወረስ ልጁ ከዳፍንት ጋር ይወለዳል። ከቫይታሚን ኤ እጥረት ከሚመጣው ዳፍንት የተለየ ነው፤ ካሮትም ጉበትም አይፈታውም።